መብራት ሲመለስ ኢንተርኔቱ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ለምን አልተመለሰም?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጎንደር ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ የግቢ ባለቤት ናቸው። የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባው በዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ባለ ራውተር ነው። ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ በአንዱ ልጃቸው፣ በሁለቱ ተከራዮች ይኖራሉ፤ የሳሎኑ ዋይፋይ ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በጓሮ በኩል ባለው መኝታ ክፍል የተቀመጠው የዊንዶውስ ኮምፒውተራቸው ከሳሎኑ በዋይፋይ የሚቀበለውን ኢንተርኔት እንዲያጋራ አደረጉ፤ ከኮምፒውተሩ የገመድ መሰኪያ እስከ መካከለኛው ሰርቪስ ድረስ ገመድ ዘርግተውም ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረ አሮጌ ራውተር ሰኩበት። ሁለት ሳምንት ያህል ሠራ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ግን የሰርቪስ ክፍሎቹ ስልኮች በሙሉ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ማለት ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ራሱ ያለ ችግር ይሠራል። የማጋሪያውን ምልክት አጥፍተው ሲያበሩት ደግሞ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው አይሠራም። «አሮጌው ራውተር ተቃጥሎ ይሆን? አዲስ ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል።

አዲስ ራውተር አይግዙ። የተቃጠለ ራውተር ብዙውን ጊዜ የዋይፋይ ስሙ እንኳ አይታይም፤ የእርስዎ ግን ስሙን እያሳየ፣ የይለፍ ቃል እየተቀበለ፣ ስልኮችን እያገናኘ ነው። ከጻፉልኝ ምልክቶች ሁሉ ትልቁን ነገር የሚናገረው የመጨረሻው ነው። ማጋራቱ ብቻ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ስልኮች አብረው በጠፉና አብረው በተመለሱ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ አንዱ እየሠራ ሌላው የማይሠራ ከሆነ ግን ሁለቱ ስልኮች አድራሻቸውን የተቀበሉት ከተለያየ ቦታ ነው ማለት ነው። በግቢዎ ውስጥ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ላይ ተገናኝተዋል፤ ማደል የነበረበት ግን አንዱ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስልክ ዋይፋይ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ መጣራት ነው። ይህን ጥሪ ሰምቶ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት ዲኤችሲፒ ይባላል፤ ከአድራሻው ጋርም «ወደ ውጭ ስትወጣ በእኔ በኩል እለፍ» የሚል መመሪያ አብሮ ይሰጣል። የዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያጋራ በማጋሪያው ገመድ በኩል ለራሱ 192.168.137.1 የሚል አድራሻ ይይዛል፤ ለሚጠይቁትም በ192.168.137 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ያድላል። አሮጌው ራውተር በበኩሉ ሲሠራ ጀምሮ የቤት አለቃ ሆኖ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ የራሱ አድራሻ በአብዛኛው 192.168.1.1 ሲሆን በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎችን እያደለ መውጫው እኔ ነኝ ይላል። ችግሩ ከኋላው ምንም መስመር አለመኖሩ ነው። ከእርሱ አድራሻ የተቀበለ ስልክ በር ተከፍቶለታል፣ ከበሩ ማዶ ግን መንገድ የለም። «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚለው ጽሑፍ የሚነግርዎት በትክክል ይህንን ነው።

ታዲያ ለሁለት ሳምንት እንዴት ሠራ? መብራቱስ ምን ለወጠ? ስልኩ ለሁለቱም ስለሚጣራ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ አድራሻ ከተቀበለ በኋላም ያንኑ አድራሻ እያደሰ ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ቀድሞ ከመለሰ ነገሩ ለብዙ ቀን ያለ እክል ሊዘልቅ ይችላል። መብራት ሲሄድ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ሲመለስ ራውተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሰው መጥቶ እስኪያበራው ድረስ ጠፍቶ ይቆያል። በዚህ መካከል ስልኮቹ ይጣራሉ፣ የሚመልስላቸውም አሮጌው ራውተር ብቻ ይሆናል። እርስዎ ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ስልኮቹ የተሳሳተውን አድራሻ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ብዙ ራውተሮች አንድን አድራሻ ለ24 ሰዓት ስለሚሰጡም በቶሎ አይለቁትም።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ይጨመራል። በዊንዶውስ 10 የማጋሪያው አገልግሎት ለ4 ደቂቃ ያህል ምንም ነገር በእርሱ በኩል ካላለፈ ይዘጋል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳም በራሱ ላይነሳ ይችላል። የማጋሪያው ምልክት በቦታው እንዳለ ስለሚታይ ባለቤቱ እየሠራ ይመስለዋል። ስልኮቹ ወደ አሮጌው ራውተር ስለዞሩ በኮምፒውተሩ በኩል የሚያልፍ ነገር የለም፤ የሚያልፍ ነገር ስለሌለ አገልግሎቱ ይዘጋል፤ አገልግሎቱ ስለተዘጋ ደግሞ ለስልኮቹ አድራሻ የሚሰጠው አሮጌው ራውተር ብቻ ይሆናል። አንዱ ጥፋት ሌላውን እየመገበ ይሄዳል። ምልክቱን አጥፍተው ሲያበሩት አንዱ ስልክ የተመለሰልዎት አገልግሎቱ ስለተነሳና ያ ስልክ በዚያው ሰዓት አዲስ አድራሻ ስለጠየቀ ነው።

ግምቴን ከመቀበልዎ በፊት በዓይንዎ ያረጋግጡት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚሠራውን ስልክና የማይሠራውን ስልክ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በሁለቱም ላይ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ገብተው የተገናኙበትን ስም ሲነኩ የአይፒ አድራሻ የሚል መስመር ያገኛሉ። የሚሠራው በ192.168.137፣ የማይሠራው በ192.168.1 ወይም በ192.168.0 የሚጀምር ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ። የልጅዎ ላፕቶፕ ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካዩ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ይህ ማለት ማንም አልመለሰለትም፣ ላፕቶፑ ለራሱ ቁጥር ፈጥሮ ተቀምጧል ማለት ሲሆን ገመዱን ወይም መሰኪያውን መጠርጠር ይገባል።

አዘዞ በሚገኝ አንድ ግቢ ተመሳሳይ ጥሪ ደርሶኝ ሄጄ ነበር። ቤተሰቡ ከእኔ በፊት የመጣ ሰው «ራውተሩ ደክሟል» ስላላቸው አዲስ ገዝተው በአሮጌው ቦታ ሰክተዋል፤ ችግሩ ግን በዚያው ቀጠለ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው አድራሻ የሚያድል ነበርና። ያን ገንዘብ ያወጡት የተማሪ ልጃቸው ክፍል ኢንተርኔት እንዲያገኝ ብለው ነበር። ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያን ወጪ ያስቀር ነበርና መጀመሪያ ቁጥሩን እንዲያዩ አጥብቄ የምለምነው ለዚህ ነው።

ለዛሬ ማታ የሚሆን መፍትሔ ከፈለጉ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የኔትወርክ ግንኙነቶች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ይክፈቱ። ማጋራት የሚበራው ኢንተርኔቱን በሚቀበለው ግንኙነት ላይ ነው፤ በእርስዎ ቤት ይህ ዋይፋዩ ነው። ብዙ ሰው በገመዱ ላይ ያበራና መንገዱን ወደ ኋላ ያዞረዋል። የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍተው ሼሪንግ በሚለው ክፍል ምልክቱን ያጥፉ፣ ያጽድቁ፣ ከዚያ መልሰው ያብሩ። ኮምፒውተሩ ላይ ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ አገልጋይ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ከፍተው ከሆነ በዚህ ሰዓት ይዝጉት፤ ቪፒኤን የራሱን ሌላ መውጫ ስለሚፈጥር የተጋሩት ስልኮች መንገድ ሊያጡ ይችላሉ። ቀጥሎ በየስልኩ ላይ የሰርቪሱን ዋይፋይ እንዲረሳ አድርገው እንደገና ያገናኙት። የአሮጌው ራውተር አዳይነት እስካልተዘጋ ድረስ ግን ይህ ጥገና የሚቆየው እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው።

ለዘለቄታው የምመክረው ኮምፒውተሩን ከመንገዱ ጨርሶ ማውጣት ነው። ኢንተርኔትን በኮምፒውተር የማጋራት ዘዴ በዊንዶውስ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ከዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ጋር ሲሆን፣ ያኔ በየቤቱ አንድ ሞደምና አንድ ኮምፒውተር እንጂ ራውተር ብርቅ ነበር። ዛሬ ሳሎንዎ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ተቀምጦልዎታል። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ተከራዮችዎ ይቋረጣሉ፤ ሲያዘምን ይቋረጣሉ፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ እርስዎ ከሥራ እስኪመለሱ ይጠብቃሉ። ኪራይ የሚከፍል ሰው ከእርስዎ መኝታ ክፍል ኮምፒውተር ጋር መታሰር የለበትም። ስለዚህ ገመዱ ከሳሎኑ ራውተር ተነስቶ በቀጥታ ወደ አሮጌው ራውተር ይሂድ፤ አሮጌው ራውተርም አድራሻ ማደሉን ትቶ ዋይፋይ ብቻ ያሰራጭ።

አሮጌውን ራውተር ማዘጋጀት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ራውተሩን ከሁሉም ገመድ ያላቅቁትና ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ብቻ በገመድ ያገናኙት። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፤ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን የሳሎኑም ራውተር አድራሻው 192.168.1.1 ሊሆን ስለሚችል ዋይፋዩ ክፍት ከሆነ አሮጌውን ከፈትሁ ብለው ዋናውን ሊነካኩ ይችላሉ። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ የተተዉ በመሆናቸው ማንኛውም ራውተር ያለ ፈቃድ ይጠቀምባቸዋል፤ ሁለት ራውተሮች በአንድ ቤት አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው መገኘታቸው የተለመደ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ በጀርባው ያለውን ቀዳዳ በስፒል ጫፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ይህን ግን በአሮጌው ላይ ብቻ ያድርጉ። የሳሎኑን ራውተር በዚህ መንገድ በፍጹም እንዳይነኩት፤ የመስመሩ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በውስጡ የተመዘገበ ስለሆነ ከጠፋ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሄደው እስኪያስመዘግቡ ድረስ መላው ግቢ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

ቅንብሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም ራውተሩን ራሱን የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ይለውጡ። ቀጥሎ የራውተሩን አድራሻ 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ይህን የምለው የሳሎኑ 192.168.1.1 ከሆነ ነው። ካስቀመጡ በኋላ ራውተሩ በአዲሱ አድራሻ ስለሚነሳ ገጹን በአዲሱ ቁጥር እንደገና ይክፈቱ። መጨረሻ ላይ ዲኤችሲፒን ያጥፉ። ዲኤችሲፒን አስቀድመው ካጠፉ ራውተሩ ለላፕቶፕዎ አድራሻ አይሰጥም፤ ወደ ቅንብሩ ለመመለስም በላፕቶፑ ላይ ቁጥር በእጅ መጻፍ ይጠበቅብዎታል። አዲሱን አድራሻ በወረቀት ጽፈው በራውተሩ ሆድ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ከዓመት በኋላ እርስዎም ሆኑ ሌላ ባለሙያ ይህን ቁጥር መፈለጋችሁ አይቀርም። በሳሎኑ ራውተር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታደሉት አድራሻዎች ከ192.168.1.2 ስለሚጀምሩ፣ መጀመሪያውን ወደ 192.168.1.10 ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ የአሮጌው ራውተር ቁጥር አንድ ቀን ለአንድ ስልክ ይታደልና ሁለቱ ይጋጫሉ። በዋናው ራውተር ላይ የሚነኩት ይህን ብቻ ነው።

ገመዱ በአሮጌው ራውተር ላይ የት ይሰካል የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከአራቱ ተመሳሳይ መሰኪያዎች በአንዱ ይሰኩት እንጂ ለብቻው ወጣ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀለም በተሠራው የመስመር መግቢያ ላይ አይሰኩት። በዚያ ከሰኩት ራውተሩ ራሱን እንደገና አለቃ ያደርጋል፤ በፊትም በኋላም አንድ ዓይነት አድራሻ ስለሚያይ መንገዱ ይምታታበታል። አሮጌው መሣሪያዎ ቀድሞ በስልክ ሽቦ ይሠራ የነበረ የኤዲኤስኤል ሞደም ከሆነም አይጣሉት፤ አራቱ መሰኪያዎቹና ዋይፋዩ እስከሠሩ ድረስ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በየቤቱ አቧራ ለብሰው የተቀመጡት እነዚህ ሞደሞች ትክክለኛ ቅንብር ቢያገኙ የስንቱን ሰርቪስ ቤት ችግር ያቃልሉ እንደነበር ሳስብ አዝናለሁ።

ስለ ገመዱ ጥቂት ልበል። አንድ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚያገለግል ርቀቱ በግቢ ውስጥ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው አዘረጋጉ ነው። ከ220 ቮልት የመብራት ሽቦ ጋር አብሮ አይታሰር፤ በቆርቆሮ ጫፍ ላይ አይለፍ፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ልባሱ ይላጣል። ለውጭ የሚሆነውን ጥቁር ልባስ ያለው ገመድ ገዝተው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት። ገመዱ ውስጥ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ለሚሆን ፍጥነት የሚሠሩት በመሰኪያው ላይ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ላይ ያሉት ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ በጫፉ ላይ ከላላ አሁን እያለ አሁን የሚጠፋ ግንኙነት ይፈጠራል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የክረምቱ መብረቅ ነው። በጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ እንዴት እንደሚበረታ ያውቁታል፤ ከአንድ ጣሪያ ወደ ሌላ ጣሪያ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በአካባቢው የወደቀ መብረቅ የሚፈጥረውን ኃይል ይዞ ሁለቱንም ራውተሮች ሊያቃጥል ይችላል። ነጎድጓድ ሲቃረብ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ፣ ራውተሮቹንም ከሶኬት ይንቀሉ፤ ለተከራዮቹም ይህንኑ ያስረዱ።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ የሳሎንዎ ሞገድ ወደ ጓሮ ያልደረሰው ራውተሩ ስለደከመ አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ ከሁለቱም በኋላ ያለ ክፍል የሚያገኘው ጥቂት ነው። አሮጌውን ራውተር በመካከለኛው ሰርቪስ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ የሳሎኑ በ1 ከሆነ የሰርቪሱን በ6 ወይም በ11 ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እንከን ካለ በልጅዎ ላፕቶፕ ላይ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ (አንድን አድራሻ ጠርቶ መልስ መምጣት አለመምጣቱን ያሳያል) ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሞክሩ። መጀመሪያ 192.168.1.2፣ ቀጥሎ 192.168.1.1፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል አገልጋይ 8.8.8.8፣ በመጨረሻ የአንድ ድረ ገጽ ስም። የመጀመሪያው ካልመለሰ ችግሩ በላፕቶፑና በሰርቪሱ ራውተር መካከል ነው፤ ሁለተኛው ካልመለሰ ገመዱ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ካልመለሰ ከግቢዎ ውጭ፣ በመስመሩ ላይ ነው። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ብቻ ካልመለሰ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ተበላሽቷል። የዚህ ምልክቱ በስልክም ይታያል፤ ቴሌግራም የአገልጋዮቹን አድራሻ በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ እርሱ እየሠራ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ።

ሲጨርሱ መብራት እስኪሄድ አይጠብቁ። ኮምፒውተርዎን ያጥፉ፤ የቤቱን ማብሪያ ከቆጣሪው ላይ አጥፍተው ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሰው ያብሩ፤ አምስት ደቂቃ ታግሠው ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ይሂዱና ኮምፒውተሩ እንደጠፋ የሁሉንም ስልኮች አድራሻ ይመልከቱ። ሁሉም በ192.168.1 ጀምረው፣ መውጫ በሚለው መስመር ላይ 192.168.1.1 ካሳዩ ሥራው ተጠናቋል። አንዱ እንኳ 192.168.1.2ን መውጫ አድርጎ ካሳየ የአሮጌው ራውተር ዲኤችሲፒ አልጠፋም ማለት ነውና ተመልሰው ያጥፉት። ከዚህ የተለየ ነገር ከገጠመዎት ከሁለት ስልኮች ላይ ያነበቧቸውን አድራሻዎችና አራቱ ፒንጎች የመለሱትን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከዚያው ተነስቼ እመልስልዎታለሁ።